መዝገቡ አልጠፋም፤ የተዘበራረቀው የኮምፒውተሩ ገጽ ነው

(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኀዊው የአባላት ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)





ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ባለፈው ወር በማኅበራችን ኮምፒውተር ላይ ስለ ደረሰው መበላሸት ነው። ይኸውም ብልሽቱ እንዴት እንደ መጣ፣ በምን ዓይነት መንገድ እንደ ተስተካከለ፣ ወደፊትም ቢደርስ ማንኛውም አባል ምን ማድረግ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የኮምፒውተር ዐዋቂ አይደለሁም። ይሁን እንጂ እሳት ያቃጠለው ሰው ስለ እሳት መናገር ይችላልና የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ የቅሬያችን የወረቀት መዝገብ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ጠፍቷል። ስንመለስ ያገኘነው ባዶ ሣጥን ነበር። ከዚያ በኋላ ማን አባል እንደሆነ፣ ማን ስንት ወር እንደ ከፈለ፣ የማን ቤተሰብ ስንት ሰው እንደሆነ እንደገና ለመጻፍ ቤት ለቤት ዞረናል። ደረሰኝ ያለው ደረሰኙን አሳየ፤ ደረሰኝ የሌለው ጎረቤቱን ምስክር አቆመ። ወራት ፈጅቶብን የተሰበሰበው ያ ሁሉ ልፋት ያለው በዚሁ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው፤ ጥፋቱም ከማንም በላይ የእኔ የጸሐፊው ነው።

ላፕቶፑን የሰጠን ደሴ ሄዶ የተማረ የሰፈራችን ልጅ ነው። ዕቃው አሮጌ ስለሆነና የፕሮግራም ፈቃድ የምንገዛበት ገንዘብ ስላልነበረን ኡቡንቱ የሚባለውን ጫነበት። ኡቡንቱ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ ሲሆን፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ነው። ኡቡንቱ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ማርክ ሻትልዎርዝ በሚባል ደቡብ አፍሪካዊ የተመሠረተ ነው። ሁለቱም ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ ናቸው። «ኡቡንቱ» የሚለው ቃል በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነት ማለት ነው፤ እኛ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ለቅሬ የሚስማማ ስም ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ማክሰኞ ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ፊደሉ እንዲጎላልኝ ብዬ ትዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም ከፈትኩና የፊደሉን መጠን የሚወስነውን ቁጥር ከአንድ ወደ ሦስት አደረስኩት። ፊደሉስ ጎላ፤ ግን ከመጠን አለፈና መስኮቶቹ ከስክሪኑ ውጪ ወጡ፤ መዝጊያቸውም አልታይ አለ። ያንን አስተካክላለሁ ስል ደግሞ ኤክስቴንሽን የሚባሉትን ተቀጥላዎች ማብሪያ አንድ በአንድ አጠፋፋሁ። ወዲያው በግራ በኩል ተደርድረው የነበሩት የፕሮግራም ምልክቶች ሄዱ። ገጹ ላይ ተቀምጦ የነበረው የመዝገባችን ፋይልም ከዓይኔ ተሰወረ። አሁንም አልተውኩም፤ የቋንቋውን መቀየሪያ ነካሁ፤ አማርኛው ተሰረዘና እንግሊዝኛ ብቻ ቀረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። አጥፍቼ እንደገና አበራሁት፤ ያው ነው። ዘጋሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግሥቱ ረቡዕ ከአባሎቻችን አንዱ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይማራቸው። ቀብሩ በዚያው ቀን ተፈጸመ፤ ድንኳኑም ወጣ፤ ሰውም አልጎደለም። ነገር ግን ለኀዘንተኛው ቤት የሚሰጠው ገንዘብ በደንባችን መሠረት መዝገብ ታይቶ፣ ፊርማ ተፈርሞ ነው የሚወጣው። ገንዘብ ያዡ «በል መዝገቡን አምጣ» ሲለኝ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፤ ልጆቹ ነካክተውት ነው» አልኩ። ማታ ማታ መጻፍ ለመለማመድ የሚመጡትን ሁለት ልጆች ማለቴ ነው። አባታቸው ሰምቶ ተቆጣ፤ ልጆቹም ሁለተኛ ወደ ማኅበሩ ቤት እንዳይገቡ ተከለከሉ። እኔ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ ወደ አንድ ጠጋኝ ሄድኩ። ከፍቶ አየና «ፎርማት ይደረግ፤ ያለው ሁሉ ተጠርጎ አዲስ ይጫንበት» አለኝ። «በውስጡ ያለው መዝገብስ?» ብለው «ኮፒ ከሌላችሁ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰበሰብነውን በሁለት ሰዓት ልናስጠርገው ነበር ማለት ነው። ልቤ አልችል ስላለ ግን ከደጅ ወጥቼ ላፕቶፑን ለሰጠን ልጅ ስልክ ደወልኩለት። ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፣ ፋይሉ ጠፋ ወይስ አልታይ አለ?»

ጀማው ልብ ይበልልኝ፤ ያዳነን ይህ ጥያቄ ነው። የዛሬው ንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። መጥፋትና አለመታየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በቤታችን ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ቤት ውስጥ ዕቃ አለ፤ የዕቃው አቀማመጥም አለ። ሣጥኑ ከአልጋው ኋላ ቢገፋ፣ መጋረጃ ቢጋረድበት፣ ሣጥኑ የለም አይባልም። በሣጥኑ ውስጥ ያለው እህልም አልተነካም። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። እኛ የምንጽፈው መዝገብ፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ዕቃው ነው። የፊደሉ መጠን፣ የገጹ ሥዕል፣ የምልክቶቹ ረድፍ፣ የመጻፊያው ቋንቋ ደግሞ አቀማመጡ ነው፤ ሴቲንግ የሚሉት ይኸንን ነው። በኡቡንቱ ይህ አቀማመጥ በአብዛኛው የሚጻፈው ዲኮንፍ በሚባል መዝገብ፣ በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። ያቺ ፋይል ደግሞ የተቀመጠችው በተጠቃሚው በራሱ ፎልደር፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው። በሊኑክስ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ነገር እንዲሁ አይታይም፤ የፋይሎቹ መስኮት ተከፍቶ ኮንትሮልና ኤች አንድ ላይ ሲጫኑ ነው የሚታየው። አጥፍቼ ባበራው ያልተስተካከለውም ስለዚህ ነው፤ የተበላሸው አቀማመጥ ተጽፎ ተቀምጧልና ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ያንኑ ያነባል።

እንግዲህ ያቺን መዝገብ ብቻ ባዶ ብናደርጋት ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲጫን ወደ ነበረው አቀማመጥ ይመለሳል፤ ዕቃው ግን አይነካም። ቁንጫ አለ ተብሎ ቤት አይቃጠልም።

ላፕቶፑን ይዤ ተመለስኩ። ሐሙስ ማታ ልጁ በስልክ እየነገረን፣ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር የአንድ አባላችን ልጅ ቁልፎቹን እየተጫነች፣ እኔም እየጻፍኩ የሠራነው በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ዕቃውን ማዳን። ከሁሉ በፊት የፋይሎቹን መስኮት ከፍተን ዴስክቶፕ የሚባለውን ፎልደር ስናይ መዝገቡ እዚያው ቁጭ ብሏል። ገጹ ላይ ፋይሎችን የሚያሳየው ተቀጥላ ስለ ጠፋ ነው እንጂ ፋይሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። አልዋሻችሁም፣ ዕንባዬ መጣ። ወዲያው በፍላሽ ገለበጥነው፤ ፍላሹንም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን መነበቡን አረጋገጥን። ሳይከፈት «ገልብጫለሁ» ማለት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ብልሽቱ የት እንደሆነ መለየት። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ተጠቃሚዎች በሚለው ሥር አንድ አዲስ ተጠቃሚ ከፈትን፤ ከእኔ ስም ወጥተንም በአዲሱ ስም ገባን። ገጹ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ መጣ፤ ምልክቶቹ በረድፋቸው፣ ፊደሉ በልኩ። ይህ ምን ያስተምረናል? ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሊኑክሱም ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው የእኔ የተጠቃሚው አቀማመጥ ብቻ ነው። አዲሱ ተጠቃሚም ያው ተበላሽቶ ቢገባ ኖሮ ችግሩ ጠለቅ ያለ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ነው ወደ ባለሙያ የሚኬደው። ይህ ፈተና ገንዘብ አያስከፍልም፤ ዐሥር ደቂቃም አይፈጅም።

ሦስተኛ፣ የተበላሸውንም ቢሆን ሳይጥሉ ማስቀመጥ። ወደ እኔ ስም ተመልሰን ኮንትሮል፣ አልትና ቲ አንድ ላይ ሲጫኑ ተርሚናል የሚባለው የትዕዛዝ መጻፊያ ይከፈታል። እዚያ ላይ «ዲኮንፍ ደምፕ» በሚለው ትዕዛዝ የነበረውን አቀማመጥ ሁሉ በአንድ ፋይል አወጣነው። ኋላ ተሳስተን ቢሆን «ዲኮንፍ ሎድ» በሚለው መልሰን እናስገባው ነበር። ወደ ኋላ መመለሻ ሳይዙ ወደ ፊት አይኬድም።

አራተኛ፣ መመለስ። ትዕዛዙ ሲነበብ «ዲኮንፍ ሪሴት ሰረዝ ኤፍ፣ ስላሽ ኦርግ ስላሽ ግኖም ስላሽ» ይላል። ግኖም ማለት ገጹን የሚያዘጋጀው ክፍል ስም ነው። ትዕዛዙ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ከነ ክፍተቱ ተጽፎ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከዚያ ተመልክታችሁ መጻፍ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከትዕዛዙ ፊት «ሱዶ» የሚለውን ቃል አትጨምሩ። ሱዶ በአስተዳዳሪው ሥልጣን አድርግ ማለት ነው፤ እሱ ከተጨመረ ኮምፒውተሩ የአስተዳዳሪውን አቀማመጥ ይጠርግና የናንተ እንደ ተበላሸ ይቀራል። ሰረዟና ስላሿም በቦታቸው ይሁኑ።

አምስተኛ፣ ወጥቶ መግባት። ትዕዛዙን ሰጥተን ከስሜ ወጥተን ስንገባ ሁሉም ተስተካክሏል። ግራ በኩል ያለው ረድፍ ተመለሰ፤ ፊደሉም ልኩን ያዘ፤ መዝገቡም ገጹ ላይ ታየ።

ስድስተኛ፣ የራሳችንን መልሶ ማስገባት። ወደ መነሻው ሲመለስ እኛ የጨመርነው መልካሙም አብሮ ይሄዳል። በመሆኑም የአማርኛውን መጻፊያ ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ ከሚለው ቦታ ገብተን እንደገና ጨመርን። ሴራ የሚባለው አጻጻፍ ነው፤ በላቲን ቁልፍ «ሰ»ን በድምጿ ስትጽፉ ወደ ግዕዝ ፊደል ይለውጠዋል። የኛ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለት በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል መዝገብ ውስጥ የገባ ስለሆነ ሊኑክስም ሆነ ሌላው ያነበዋል። በአፋን ኦሮሞ የምንጽፋቸው ማስታወቂያዎች ግን በቁቤ ስለሆኑ በእንግሊዝኛው ቁልፍ ይጻፋሉ፤ ለእነርሱ የተለየ ነገር አያስፈልግም። የዓይኔንም ነገር ልጅቱ አሳየችኝ፤ ቁጥሩን ከአንድ ወደ አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ብቻ ከፍ አድርጋ በቃ። መጀመሪያውኑ መጠየቅ ስችል!

ይህን ያህል ማድረግ የሚያስፈልገው ብዙ ነገር በአንድ ላይ ሲዘበራረቅና ምን እንደ ነካችሁ ሳታውቁት ስትቀሩ ነው። የተበላሸው አንድ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ የፊደሉ መጠን ብቻ፣ እሱን ብቻ ገብቶ ማስተካከል ይበቃል፤ ሁሉን መጥረግ አያሻም። እንዲሁም ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣ ቢል፣ ወይም ዲስኩ ቢሞት፣ ይህ ዘዴ አይሠራም። ያን ጊዜ የሚያድነው አስቀድሞ የተገለበጠው ፍላሽ ብቻ ነው።

«እኔ ኮምፒውተር የለኝም፤ ምን አገባኝ» የሚል ይኖራል። ስልክ አለህ አይደለም እንዴ? በእጃችን ያለው የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ከሥሩ የሚሠራው በዚያው በሊኑክስ ነው። ስልኩም ላይ ያው ፈተና አለ። ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት በሚለው ሥር የተለያዩ ነገሮች ተደርድረዋል። አንዱ የአፖቹን አቀማመጥ ብቻ ወደ መነሻው ይመልሳል፤ ፎቶግራፍና ስልክ ቁጥር አይነካም። ሌላው ፋክተሪ ሪሴት የሚባለው ነው፤ እሱ በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል። አረብ አገር ያለች ልጃችሁ የላከችው ድምፅና ፎቶግራፍ በስልኩ ብቻ ካለ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ስልካችሁን ይዞ «ሪሴት ላድርገው» ሲላችሁ «የትኛውን ሪሴት? ፎቶው ይቀራል ወይስ ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ነገሩ ከተስተካከለ በኋላ በአመራሩ ዘንድ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «ከእንግዲህ ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው፤ ልጅ የሚባል አይግባ፤ አቀማመጡም እንዳይለወጥ ይቆለፍ» የሚል ነው። ልጁ በስልክ ስለዚህ ጉዳይ በአገራችን የሆነ ነገር ነገረኝ። በ2012 እ.ኤ.አ. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚባለው የአሜሪካኖች ድርጅት፣ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው ማለት ነው፣ በኦሮሚያ ክልል ወንጪና ወለንጪቲ በሚባሉ ሁለት ቦታዎች ትምህርት ቤት ላልገቡ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ሰጠ። በያንዳንዱ ቦታ ሃያ ያህል ልጆች ነበሩ። አስተማሪ አልነበረም፤ ልጆቹ በራሳቸው ማንበብ ይማሩ እንደሆነ ለማየት ነው። ታብሌቶቹ አንድሮይድ ነበሩ። ድርጅቱ ገጹ እንዳይለወጥ ቆልፎት ነበር፤ ካሜራውም እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ግን ልጆቹ ቁልፉን አልፈውት ተገኙ። ያንዱ ገጽ ከሌላው የማይመሳሰል ሆነ፤ ካሜራውንም አስነሡት። ይህንን የድርጅቱ ሰዎች ራሳቸው በዚያው ዓመት ተናግረውታል፤ እንደ ጥፋትም አልቆጠሩትም፤ ተደነቁበት እንጂ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ልጅ የሚነካካው ለማጥፋት አይደለም፤ ለማወቅ ነው። ቁልፍም ለዘላለም አይጠብቅም። የሚጠብቀን የመመለሻውን መንገድ ማወቅና ቅጂ መያዝ ነው። ደግሞስ ገጹን ያበላሸው ልጅ አልነበረም፤ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው።

በመሆኑም አመራሩ ተወያይቶ የሚከተለውን ወስኗል።

አንድ፣ መዝገቡ በየዓርቡ በሁለት ፍላሽ ይገለበጣል። አንዱ ፍላሽ ከሰብሳቢው ቤት፣ ሁለተኛው ከገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጣል። በአንድ ቤት ሁለቱም አይቀመጡም።

ሁለት፣ በየሦስት ወሩ መዝገቡ በወረቀት ታትሞ በሦስቱ የአመራር አባላት ተፈርሞበት ይቀመጣል።

ሦስት፣ ለልጆቹ የራሳቸው የተጠቃሚ ስም ተከፍቶላቸዋል። በዚያ ስም ሆነው የገጹን ሥዕልም ሆነ ፊደል እንደ ፈለጉ ይለዋውጡ፤ የኛን አቀማመጥም ሆነ መዝገባችንን አይነካም። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ግን በጸሐፊውና በሰብሳቢው እጅ ብቻ ይቆያል።

አራት፣ ማንኛውም ሰው አንድ ነገር ከተበላሸበት በዚያው ቀን ለአመራሩ ይናገራል። የተናገረ አይቀጣም። የደበቀ ነው የሚጠየቀው።

ይህ አራተኛው ነጥብ መጀመሪያ የሚነካው እኔን ነው። ማክሰኞ ማታ ብናገር ኖሮ ረቡዕ ጠዋት ይስተካከል ነበር። ባለመናገሬ የኀዘንተኛዋ ቤት ገንዘብ እስከ ዓርብ ዘገየ። እናታችን ኀዘን ላይ ተቀምጠው ስኳርና ቡና በዱቤ ማስመጣታቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። እዚህ በመካከላችን አሉ፤ በጀማው ፊት ዐፉ እንዲሉኝ እለምናለሁ። ሁለቱን ልጆችም በሐሰት ወንጅያቸዋለሁ። አባታቸው ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ሆኖም ስማቸውን ያጠፋሁት በሰው ፊት ስለሆነ ስማቸውን የምመልሰውም በሰው ፊት ነው። ልጆቹ አላጠፉም። ከነገ ጀምሮ እንደ ቀድሟቸው ይግቡ።

የኮምፒውተሩን አቀማመጥ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ወደ ነበረበት መልሰነዋል። የሰው ስም ግን እንዲያ አይመለስም፤ አፍ አውጥቶ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት ይጠይቃል።

በመጨረሻም፣ ይህን አሠራር ለመማር የሚፈልግ አባል ሁሉ፣ አዛውንትም ይሁን ወጣት፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ማኅበሩ ቤት ይምጣ። የምታስተምረን ያቺው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስልክ ያለው ስልኩን፣ ፍላሽ ያለው ፍላሹን ይዞ ይምጣ። እኔም ከተማሪዎቹ ጋር እቀመጣለሁ።

አላህ ማኅበራችንን ይጠብቅልን።